የግራ ጡቴ ክረምት

ሐምሌ ፲፱፣ ገብርኤል

በሥላሴ ስም ብዬ ልጀምር አልኩና ብርዑን መለስኩት። አራስ ነኝ። አራስ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ስማቸውን መጻፍስ ይፈቀድላት ይሆን? ባሌን ብጠይቀው መጽሐፍ ገልጦ መልሱን እስኪያገኝ ልጄ አድጎ ይዳራል። እንዲሁ ጀመርኩት፤ እነሱ ያውቁኛል።

ብራናው አባቴ ሲከረክም የጣለው ቁርጥራጭ ነው፤ እኔ ሰፋሁት። አባቴ ቁም ጸሐፊ ነው። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ቆዳውን የምፍቅለት፣ ቀለሙን የምበጠብጥለት እኔ ነበርኩ፤ ፊደሉም እንደ ጥላሸቱ እጄ ላይ ቀረ። አማቴ እመይቴ ጌጤ ታዲያ «የፋቂ ልጅ» ይሉኛል። በኛ አገር ፋቂ ማለት ቡዳ ማለት እንደሆነ ያውቃሉ፤ አውቀው ነው የሚሉኝ። ለጎረቤት ሲያወሩም ሰምቻለሁ፦ «ልጄ ፊደል የቆጠረች ሚስት አመጣ፤ እንጀራዋ ግን ዓይን የለውም።» እውነታቸውን ነው፣ የለውም።

ልጄ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት ተወለደ። አርባው የሚሞላው በቡሄ ማግስት ነው፤ እስከዚያ ክርስትና ስላልተነሣ ስም የለውም፣ ማሞ እንለዋለን። ክፉ አያግኘው እንጂ እስከዚያ ክፉ ቢያገኘው ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ አይቀበርም። ይኼን ለምን ጻፍኩት? አፌ አላመጣውም፣ እጄ ነው ያመጣው።

ባሌ ደብተራ ደምሴ ለዓይን የሚሆን ክታብ ጽፎ በቆዳ ሰፋልኝ። እመይቴ ደግሞ ክታቡን በጠፍር አድርገው ከግራ ጡቴ ሥር በደረቴ ዙሪያ አሰሩት። «ጠበቅ ይበል፤ የላላ ክታብ ዓይን ያሳልፋል» አሉ። ጠበቀ።

ላማችንን ከሰኔ ወዲህ አናውቃትም። ከደብረ ታቦር ሰፈር የወጡ ወታደሮች ከነጥጃዋ ነድተዋት ሄዱ። እንግዲህ ማሞ ከኔ ጡት በቀር ምንም የለውም።

ሐምሌ ፳፩፣ ማርያም

ግራ ጡቴን ያመኛል። ጠፍሩ ይቆርጠኛል። ላላ ላድርገው ብል እመይቴ አፈጠጡብኝ፣ ተውኩት። ዝናብ። የጉና ብርድ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ እግሬን ይበላኛል።

ሐምሌ ፳፫፣ ጊዮርጊስ

ዛሬ ስነቃ ግራ ጡቴ ድንጋይ ሆኗል። ከብብቴ በኩል የእንቁላል ያህል ነገር ተቀምጧል፤ ስነካው ዓይኔ ይጨልማል። ጫፉ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ አለች። ማሞ ጎትቶ ጎትቶ አንድ ጠብታ ሲያጣ ለቀቀውና ጮኸ።

እመይቴ አዩትና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ረግቷል» አሉ። «ወተቱ ጡትሽ ውስጥ ረግቷል። ዓይን ነው።»

«ታዲያ ልጁ ስቦ ያውጣው?»

«እንዳታደርጊው! ከዚህኛው እንዳታጠቢው! የረጋ ወተት መርዝ ነው። ሐሙሲት ያለችው እህቴ እንዲህ ረግቶባት እንቢ ብላ አጠባች፤ በሦስተኛው ቀን ልጇን ቀበረች።»

ደምሴ ሁለተኛ ክታብ ጻፈ። በዚያው ጠፍር፣ ከመጀመሪያው ጎን፣ አንድ ቋጠሮ ተጨምሮበት ታሰረ። ወልደው ያሳደጉ እሳቸው ናቸው፣ እኔ ምን አውቃለሁ?

ሐምሌ ፳፬

ከበሩ ውጭ ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ ሰማሁ። ማን እንደሆኑ አልለየሁም። «የቆዳ ቤት ልጅ አይደለችም? ዓይኑ የራሷ ይሆናል። የገዛ ወተቷን በላችው።» ሌላይቱ «ኧረ ተይ፣ ይሰሙሻል» አለች። እመይቴ ከውስጥ ተነሥተው «ማነሽ አንቺ! እኔ ብሰድባት የልጄ ሚስት ናት፤ አንቺ ምንሽ ናት?» ብለው በመጥረጊያ አባረሯቸው። ተመልሰው ሲገቡ ግን እኔን ቀና ብለው አላዩኝም።

ሐምሌ ፳፭

ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ ከዚያ ደግሞ እሳት። እመይቴ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሽተው አሸተቱኝ፣ ግንባሬንም ቀቡኝ። ግንባሬን መች አመመኝ!

አሁን የሚያጠባው ቀኙ ብቻ ነው፤ እሱም እየከዳኝ ነው። ድሮ ማሞ ጠብቶ ሲጠግብ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይተኛ ነበር። ዛሬ ጠብቶ ሲጨርስ ያየኛል። እንዲህ አይየኝ!

«ገንፎ ብይ» ይሉኛል እመይቴ፤ እበላለሁ። «ጸልዪ» ይለኛል ደምሴ፤ እጸልያለሁ። ግን ጸሎቱ መካከል ላይ ስደርስ ሐሳቤ ይሄድና፣ እመቤታችንስ በረት ውስጥ ሳለች ወተቷ ረግቶባት ያውቅ ይሆን እላለሁ። ይቅር በይኝ። ግን ረግቶብሽ ከሆነ ምን አደረግሽ? ንገሪኝ።

ሐምሌ ፳፮

ትርንጎ መጣች። የቅርብ ጎረቤታችን ናት። የአምስት ወር ሴት ልጅ አላት፤ ጡቷም ምንጭ ነው። ማሞን ከእቅፌ ወሰደችውና አጠባችው። ሲውጥ ጉሮሮው ይሰማኝ ነበር፣ ጉርጭ ጉርጭ። ደስ አለኝ። ቀናሁም። ደስታውና ቅናቱ ባንድ ላይ ሲመጡብኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ወደ ማታ ባሏ ሞላ መጣ። አራስ ቤት አይገባምና ከደጅ ሆኖ ደምሴን ሲያናግረው ከውስጥ ሰማሁት።

«ደብተራ፣ አትቀየመኝ። ካንድ ጡት የጠቡ ወንድምና እህት ናቸው። የኔ ልጅና ያንተ ልጅ ሲደርሱ ይጋባሉ፣ መሬታችንም ይገጥማል ተባብለን አልነበር? የዛሬው አንዴ ነው፣ ሳናውቅ ነው፤ አይቆጠር። ከነገ ወዲያ ግን አይሆንም።»

ልጄ በረሃብ ሊሞትብኝ ነው፣ እሱ ሊድረው ነው! ደምሴም «ልክ ነህ» አለው። ልክ ነው መቼም። ያንዲትን ሴት ጡት የጠባ ልጇ ነው፤ ትንሹም ትልቁም ይህን ያውቃል። አሳዳሪ ጌታ ፍለጋ የሚሄድ ጎልማሳ እንኳ ማር የተቀባውን የጌታውን አውራ ጣት ጠብቶ የጡት ልጁ ይሆን የለ! ግን ደምሴ «ልክ ነህ» ከማለቱ በፊት ትንሽ ቢዘገይ ምን ነበረበት?

ሐምሌ ፳፯፣ መድኃኔ ዓለም

እመይቴ ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ ግራውን ሰጠሁት። ሰጠሁት! መርዙን በዓይኔ አላየሁትም፤ ረሃቡን ግን አያለሁ።

ጡቴ ተነፍቶ ጫፉ ጠፍቷል፣ አፉ ውስጥ አይገባለትም፣ ይንሸራተታል። አንዴ ያዘና ሁለት ጊዜ ሳበ። እኔ የኩታዬን ጫፍ ነክሻለሁ። ከዚያ ለቀቀው፤ አቅም የለውም። ከንፈሩ ላይ አንዲት ጠብታ አየሁ፣ ወደ ቢጫ የምትል። በጣቴ ጠረግኩለት፤ ግን ጠረግኩለት ወይስ ውጧት ነበር?

ገደልኩት ይሆን? ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ አፍንጫው ላይ ነው።

እመይቴ እንስራቸውን ሲያወርዱ ፊቴን አዩት። «ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«አንቺ የፋቂ ልጅ፣ ውሸት እንኳ አልተማርሽም» አሉኝና እሳቱን አነደዱ። ከዚያ በኋላ እሳቸውም እየመጡ ጆሯቸውን አፍንጫው ላይ ያደርጉ ጀመር።

ይተነፍሳል። አሁንም ይተነፍሳል።

ሐምሌ ፳፰

ትርንጎ ጡቷን ብትከለከል ምክር ይዛ መጣች። ምክር ልጅ አያደርግም መቼም።

«እኔም የመጀመሪያዬን ስወልድ እንዲሁ ድንጋይ ሆኖብኝ ነበር» አለችኝ በሹክሹክታ። «የሕፃን አፍ አይችለውም። ትልቅ ሰው ጠብቶ መንገዱን ሲከፍተው ነው፤ ከዚያ ሕፃኑ የቀረውን ራሱ ያወርደዋል።»

«ላንቺ ማን ጠባልሽ?»

«ተይ እሱን አትጠይቂኝ» አለችና ቀላች። ዓይኗ በበሩ በኩል ሞላ እንጨት ወደሚፈልጥበት ሄዶ ተመለሰ። እኔም አልጠየቅኳትም። እናቷ ትሆናለች።

ሲመሽ ለደምሴ ነገርኩት።

«አንተ ጥባልኝ።»

ደም ከፊቱ ሄደ። «ብዙነሽ፣ ምን ማለትሽ ነው? ጡትሽን ከጠባሁ እኮ ልጅሽ ሆንኩ! በቁርባን ያገባሁሽ ነኝ። እናትና ልጅ በአንድ መደብ ይተኛሉ?»

«ተፍተህ ትጥለዋለህ።»

«ብተፋው የጠባሁ መሆኔ ይቀራል?»

«ልጅህ ይሙት ታዲያ?»

አለቀሰ። ደምሴ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ አባቱ ሲቀበሩ እንኳ ቅኔ ነው የተቀኘው። «ልጄን ላድን ብል ሚስቴን ላጣ ነው። ሚስቴን ላቆይ ብል ልጄን። እስቲ አንቺ ፍረጂ» አለኝ።

«ፍርድ መች ጠየቅኩህ! አፍህን ነው የጠየቅኩህ!» አልኩት። እንዲህ ብዬ ባልናገረው ምን ነበር? ምስኪን። ግን እንዲያ አልኩት።

እመይቴ ከምድጃው ማዶ ሆነው ይፈትሉ ነበር። እንዝርታቸው ቆመች።

ሐምሌ ፳፱

ደምሴ ጎህ ሳይቀድ ወደ ደብረ ታቦር ወረደ፤ መምህሩን ሊጠይቅ። ባል ለመድኃኒት ብሎ የሚስቱን ጡት ቢጠባ ልጇ ይሆናል ወይስ አይሆንም? ጥያቄው ይኼ ነው። «ነገ ማታ እመለሳለሁ» አለኝ። የርብ ወንዝ ሞልቷል። ወታደርም መንገድ ላይ ያገኘውን ወንድ ሁሉ ሸክም ያሸክማል ይባላል። አትሂድ ልለው ብዬ፣ ሂድ አልኩት።

ነሐሴ ፩

አልተመለሰም። ፍልሰታ ገባ።

እመይቴን ደግሞ እንግዳ ነገር ይዟቸዋል። ጠዋት በዚያ ዝናብ ነፍስ አባታቸው አባ ገብረመድኅን ቤት ሄዱ። ከሰዓት በኋላ እንደገና ሄዱ። ባንድ ቀን ሁለቴ የሚናዘዙት ምን ኃጢአት ተገኘ? ሲመለሱ «ለኋላዬ ነው» እያሉ ለዓመት በዓል እንኳ የማይለብሱትን ነጭ ኩታ ከአገልግሉ አውጥተው አጠቡና ከምድጃው በላይ ሰቀሉት። ጥቁሯን በጋቸውን ደግሞ ጎትተው ለትርንጎ ሰጧት። «ላንቺ ትሁን፤ ልጁ ሲያድግ አንድ ግልገል ስጪው» ሲሏት ሰማሁ።

ገባኝ። ሐሙሲት የምታጠባ የእህት ልጅ አለቻቸው። እኔን ወደ አባቴ ሰደው ልጁን ወደዚያ ይዘውት ሊሄዱ ነው። ኩታው ለመንገድ ነው። በጓ የትርንጎ አፍ ማስያዣ ናት። ደምሴም የለ፣ ማን ይከለክላቸዋል?

ቢሄድ ይጠባ ነበር እኮ። ይህን አስቤዋለሁ። አስቤው ደግሞ ልጁን ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩት። ምን ዓይነት እናት ነኝ?

ነሐሴ ፪

ማሞ ማልቀስ ተወ።

ሌሊቱን ሙሉ አለቀሰብኝ ብዬ አማርሬ ነበር። ጌታዬ፣ ያልቅስ። አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ የለም። አብሽ በውኃ በጥብጬ በጣቴ ሰጠሁት፣ መለሰው። ምላሱ ደርቋል።

ጡቴ ቀልቷል፣ ይግላል። ቀኙም ዛሬ የሚሰጠው…

አልቻልኩም።

ደምሴ የለም። እመይቴ ጥግ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከኔ አያነሡም። እንቅልፍ ቢወስደኝ ብዬ ልጁን በመቀነቴ ከወገቤ ጋር አሰርኩት።

ነሐሴ ፫

ዛሬ ግን መጻፍ አለብኝ።

ገና ሲነጋ እመይቴ ከራስጌዬ መጥተው ቆሙ። ያቺን ያጠቧትን ነጭ ኩታ ለብሰዋል። ጊዜው ደረሰ አልኩና ልጁን እቅፌ ውስጥ ደበቅኩት።

«አልሰጥም!»

«ምኑን?»

«ልጄን! ሐሙሲት አይሄድም! እኔን ገድለው ይውሰዱት!»

ቆመው አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ትኩሳቱ ያስቀባጥርሻል» አሉ። «ልጅሽን ያዢው። እኔ የምፈልገው ጡትሽን ነው።»

አልገባኝም። አጠገቤ ተቀምጠው ቀሚሴን ገለጡ፣ የክታቡን ቋጠሮ ፈቱ። ከጠፍሩ ሥር ቦይ የመሰለ ቀይ ምልክት ወጣ፤ ዕብጠቱም የሚጀምረው ከዚያው ምልክት ነው። እመይቴ ጣታቸውን በቦዩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ወሰዱት። ተመልሰው ወሰዱት። ከዚያ ክታቦቹን አውልቀው፣ ስመው ምሰሶው ላይ ሰቀሏቸው፤ ጠፍሩን ግን ምድጃው ውስጥ ጣሉት። ቆዳ ሲቃጠል ሽታው ያስጠላኛል። ፊታቸው ለምን እንዲያ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ጨርቅ በሙቅ ውኃ እየነከሩ ጡቴ ላይ ያደርጉ ጀመር። ሲቀዘቅዝ ሌላ፣ ሲቀዘቅዝ ሌላ። ከብብቴ ጀምረው በመዳፋቸው ቀስ እያሉ ወደ ጫፉ አሹት። ላም ሲያልቡ የኖሩ እጆች ናቸው፤ እንደፈራሁት አላመመኝም። ከዚያ «እንግዲህ» አሉና አማተቡ።

«እመይቴ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ? ደምሴ ባል ነው፣ አይችልም። ትርንጎን ባሏ ይዟታል። እኔን ማን ይዞኛል?»

«መርዝ ነው ብለው አልነበር?»

«ነዋ።»

«ታዲያ!»

«ታዲያ ምን? ስድሳ ያለፈኝ አሮጊት ነኝ። ተናዝዣለሁ። በፍልሰታ ወተት እንድቀምስ አባን አስፈቅጃለሁ፤ ጠዋት እንቢ አሉኝ፣ ከሰዓት ተመልሼ ሄጄ በራቸው ላይ ተቀመጥኩባቸው። በይ ዝም በይ። ዝም ካላልሽኝ ልቤ ይከዳኛል።»

አንድም ጥርስ የላቸውም፤ እሱ ጠቀመኝ። ሲስቡ ግን ነፍሴ በጡቴ ልትወጣ መሰለኝ። ጮኽኩ። ጣባው ውስጥ ተፉት፤ እንደ አይብ የረጋ፣ እንደ ክር የረዘመ ነገር ነው። ሁለተኛ ሳቡ፣ ተፉ። ሦስተኛ ሲስቡ ያቺ ነጭ ነጥብ ተከፈተች። አንድ ነገር ከውስጤ ለቀቀ፣ ወተቱም ፊታቸው ላይ፣ ነጩ ኩታቸው ላይ ተረጨ። አለቀስኩ፣ ሳላስበው። እሳቸው አልለቀቁም። ያልተፉትም አለ፤ ሲውጡ ሰምቻቸዋለሁ።

«አሁን ልጁን አምጪ» አሉ። «የረጋው ሆዴ ገብቷል፤ የቀረው ንጹሕ ነው።»

ማሞን ተቀብለው አገጩን ወደ ዕብጠቱ አዙረው አስያዙት። «አገጩ ወዳለበት ነው የሚስበው፤ ጥጃም እንዲሁ ነው» አሉ። ማሞ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ረስቶት ነበር። ወተቱ ራሱ አፉ ውስጥ ፈሰሰለት። ከዚያ ዋጠ። ጉርጭ። ቆይቶ ደግሞ ጉርጭ።

እመይቴ ተነሥተው አፋቸውን አበሱ። ወደ መደባቸው ሄደው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው ተጋደሙ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣመሩ።

«ደምሴ ሲመጣ ከአባቱ አጠገብ ያኑረኝ» አሉ። «ለተዝካር ብሎ አይበደር።» ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የኩታው ነገር የገባኝ ያኔ ነው።

ነሐሴ ፬

እመይቴ አልሞቱም።

ልጁን ሳጠባ እሳቸውን አያለሁ፣ እሳቸውን ሳይ ልጁን እዳስሳለሁ። ሁለቱም ይተነፍሳሉ። ጠዋት አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ዛሬ ምንድን ነው?»

«ነሐሴ አራት።»

«ሆዴ ይጮኻል» አሉ በቁጣ፣ ጥፋቱ የኔ ይመስል። ሽሮውን አሙቄ ሰጠኋቸው። ጾም የሚፈታበት ሰዓት አልደረሰም ብለው መልሰው ሰጡኝ። ትንሽ አሰቡ። «የእህቴ ልጅም የሞተው በሦስተኛው ቀን ነው» ብለው ተመልሰው ተጋደሙ።

ዕብጠቱ አለ፣ ግን ይላላል። በሙቅ ጨርቅ፣ በመዳፍ፣ ከዚያ ማሞ። በየጊዜው። ራሴ አደርገዋለሁ፤ እሳቸው ከመደባቸው ሆነው «ወደ ታች፣ ወደ ታች! ብራና የምትፍቂ መሰለሽ እንዴ?» ይሉኛል። የሚሞት ሰው እንዲህ ይጮኻል?

ነሐሴ ፯

ሦስተኛው ቀን አለፈ። እመይቴ ዛሬ ኩታቸውን አጥፈው ወደ አገልግሉ መለሱና ጭቃውን ሊያወጡ ደጅ ወጡ። «ሰጥቶ መቀማት ነውር ነው» ይላሉ፤ ይሉና በአጥሩ ቀዳዳ ጥቁሯን በግ ያያሉ።

ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ዕብጠቱ የባቄላ ያህል ቀርቷል። ማሞ ዛሬ አለቀሰ፣ ያውም ሰፈሩ እስኪሰማ! ተመስገን።

ሌባ አድርጌ የጻፍኳቸውን አነበብኩት። ልፍቀው አልኩ፤ መፋቅ ያሳደገኝ ሥራ ነው። ተውኩት።

ደምሴ ግን የለም። ርብ ሰው ወስዷል ይባላል። ማንን እንደወሰደ የሚያውቅ የለም። እመይቴ ስሙን አያነሡም፣ እኔም አላነሣም። አፍህን ነው የጠየቅኩህ ብዬው፣ በማግስቱ ሂድ ያልኩት የመጨረሻ ቃሌ እንዳይሆን።

ነሐሴ ፲፩

የለም። ክርስትናው ሊደርስ ነው፤ አባት የሌለው ልጅ ላስጠምቅ ነው? ወተቱ ይወርዳል። እኔ ግን ገንፎው አይወርድልኝም። እመይቴ ማንኪያውን አፌ ላይ ይዘው «ላንቺ አይደለም፣ ለሱ ነው» ይሉኛል።

ነሐሴ ፲፫፣ ቡሄ

መጣ! ከቅዳሴ በኋላ ደጃፉ ላይ ሰው ሲቆም ለማኝ መስሎኝ ነበር።

ከርብ ማዶ ወታደር ይዞት ነው እስከ ዛሬ እንጨት ሲያሸክመው የከረመው፤ ትከሻው ተልጧል። ልጁን ሲያይ ተንበረከከ። ማሞ አባቱን አየና አዛጋ።

«መምህሩን አግኝቻቸዋለሁ» አለ ገና ትንፋሹ ሳይመለስ። «መልሱን ይዣለሁ! ልጅ የሚያደርገው ማር ተቀብቶ፣ በምስክር ፊት፣ ልጅ ልሁን ተብሎ የተጠባ ነው። ለመድኃኒት የተጠባ ልጅ አያደርግም! ብዙነሽ፣ ማንም ቢጠባልሽ ምንሽም አይሆን!»

«ማንም?» አሉ እመይቴ ከጥጉ።

ነገርነው። ኩታውንም፣ በጓንም፣ ሁሉንም። ደምሴ እናቱ እግር ላይ ወድቆ ብዙ አለቀሰ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ሊያጽናናቸው መሆኑ ነው፣ «እማዬ፣ እንግዲህ አይጨነቁ፤ ልጇ አልሆኑም። መምህሩ እንዳሉት ምኗም አይደሉም» አላቸው።

«አልሆንኩም?»

«አልሆኑም።»

«ምኗም አይደለሁም?»

ደምሴ የሚያጽናና መስሎት ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እመይቴ ተነሡ። ለነገው ክርስትና ካስቀመጥነው ማሰሮ ማር በጣባ ቀዱ። በሩ ላይ ቆመው «ትርንጎ! ባልሽን ይዘሽ ነይ፣ ምስክር እፈልጋለሁ!» ብለው ተጣሩ። ትርንጎ ልጇን አዝላ ገባች፤ ሞላ ከደጅ ቆመ። እመይቴ አጠገቤ ተቀምጠው የቀኝ እጄን ያዙና አውራ ጣቴን ማሩ ውስጥ ነከሩት።

«እናቴ እኔን ስትወልድ ነው የሞተች» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አልታወቀኝም። «የማን ጡት እንዳሳደገኝ የነገረኝ የለም። እኔ የማውቀው ጡት የዚችን ልጅ ነው።»

አውራ ጣቴን ጠቡት። ማሩ አልቆ እንኳ ወዲያው አልለቀቁትም።

«አያችሁ?»

«አየን» አለች ትርንጎ፣ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች።

«ሞላ፣ አየህ?»

«አይቻለሁ» አለ ሞላ ከደጅ። «ልጅ ሆነዋል።» መሬት መሬት ያይ ነበር።

እመይቴ ወደኔ ዞረው ጎንበስ አሉ። «እንግዲህ እመይቴ፣ እንዴት አደሩ?» አሉኝ። አንቱ አሉኝ! እኔን! ጣቴን እንደዘረጋሁ ቀረሁ።

ደምሴ እጁን ራሱ ላይ ጭኗል። «ቆዩ እስቲ፣ ቆዩ። እማዬ የብዙነሽ ልጅ ከሆኑ፣ እኔ ምኗ ልሆን ነው? የልጅ ልጇ?»

«ሄደህ መምህርህን ጠይቃ» አሉት እመይቴ። «ርብ እስኪጎድል ግን ጠብቅ።»

ሳቅኩ። ትርንጎም ሳቀች። ደምሴ እንኳ፣ ትከሻው እያመመው፣ ሳቀ። ከደጅ የቡሄ ልጆች ጅራፋቸውን ሲያጮኹ ማሞ ደንግጦ ነቃና ማልቀስ ጀመረ። ድምፁን ስሰማ ወተቴ ወረደ፤ ገና ሳላቅፈው ቀሚሴ በሁለቱም በኩል ረጠበ።